ሰኞ የተቀዳ ሰላምታ

የታክሲዬ ሬዲዮ ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ኳስ ይጨቃጨቃል። ጣቢያው ያው የድሮው ኤፍ ኤም ነው፤ ቁጥሩም አልተለወጠም። ታላቅ እህቴ ስትናገርበት በኖረው ቁጥር ላይ ሁለት ጎልማሶች ስለ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት ሲናከሱ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ተሳፋሪ ካለ ግን ጥርሴን ነክሼ እችለዋለሁ።

ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ዘፈን የምታቀርበው እትዬ ነበረች። ያኔ ሰው ይደውልና ለሚስቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለተጣላው ጓደኛው ሳይቀር ዘፈን ይጋብዛል። ስቱዲዮዋ ደረጃ ሥር ያለች፣ ግድግዳዋ የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ናት። መስኮት ስለሌላት እትዬ ከመግባቷ በፊት ደጅ ወጥታ ሰማዩን አይታ ትመጣለች። ዝናብ ነው ካለች፣ ዝናብ ነው። “ማይክ ፊት አልዋሽም” ትላለች። ቤት ውስጥ ግን ብስኩት ደብቃ “አልቋል” ስትለኝ ዓይኗን አታሽም።

ከደዋዮቿ አንዱ ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። በየቀኑ የሚመርጡት ያንኑ አንድ ዘፈን ነው።

“አባባ፣ ዛሬ እንኳ ሌላ አይሞክሩም?” ትላቸዋለች።

“ልጄ፣ ይሄኛውን መች ጠገብኩትና!”

በኋላማ መደወሉንም ተዉት። ፕሮግራሟን ስትጀምር እሷው ራሷ፣ “አባባ ባለ ሰዓቱ፣ እንዴት ዋሉ? ዘፈንዎ መጣ” ትላለች።

ከዚያ ጣቢያው እንደ እስስት መለዋወጥ ጀመረ። ወጣት አድማጭ ይፈለጋል ተብሎ የዘፈን ግብዣው ቀረ፤ ዓመት ሳይሞላ ጭፈራ ብቻ ሆነ፤ ጭፈራውንም ወሬ ዋጠው። ለእትዬ የቀረቻት አንዲት ሰዓት ነበረች። በመጨረሻ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጠራት።

“የሳምንቱን ሰኞ ሰኞ ይቅዱልንና ኮምፒውተሩ ያጫውተው። ካልሆነ ሰዓቱ ለስፖርት ይሰጣል።”

የታክሲዬን በር ልትገነጥለው እስክትደርስ ዘግታ ገባች።

“ሰማዩን ሳላይ ምን እላለሁ?”

“ስለ ሰማዩ ዝም በያ።”

“አባባስ?”

“አባባ የት ይሄዳሉ ብለሽ ነው!” አልኳት።

እሺ አለች። ሰኞ ገብታ የአምስቱንም ቀን ቀዳች። ሰማዩን ተወችው፤ የአባባን ሰላምታ ግን አምስት ጊዜ፣ በየቀኑ ለየት አድርጋ ተናገረች። አንዱን ደጋግመው ቢያጫውቱት ማን ያውቃል ብላት፣ “እኔ አውቃለኋ!” ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ዓርብ በአባባ ሱቅ በኩል ሳልፍ በሩ ተዘግቷል። ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው፣ “ትናንት ማታ አረፉ፤ ዛሬ ጠዋት ቀበርናቸው። ለቅሶው ከሱቁ ጀርባ፣ ቤታቸው ነው” አለኝ። በቀጥታ ወደ እትዬ ነዳሁ። ስነግራት ከማልቀሷ በፊት ስልኳን አነሣች።

“ዛሬም እንዴት ዋሉ ልላቸው እኮ ነው!”

ጣቢያው ደወለች። ኮምፒውተሩን የሚነካው ሰው ወጥቷል አሏት።

“ንዳው! ለቅሶ ቤቱ ሬዲዮ ሳይከፍቱ እንድረስ” አለችኝ። ታክሲዬ እንደዚያ ቀን በርራ አታውቅም።

ስንገባ ለቀስተኛው ግድግዳውን ተጠግቶ ተቀምጧል። ባለቤታቸው ሟች ቤት ውስጥ ይሠሩበት ከነበረው ጠረጴዛ አጠገብ ናቸው። ወረንጦው፣ ሆዳቸው የተከፈተ ሰዓቶች፣ መብራቷ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ሬዲዮውም በርቷል።

“አባባ ባለ ሰዓቱ፣ እንዴት ዋሉ?” አለች እህቴ ከሬዲዮው ውስጥ፣ እየሳቀች።

የእትዬ ፊት አመድ መሰለ። ልትዘጋው እጇን ስትሰድ ሴትየዋ ያዟት።

“እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። አሁን የተናገርኩት አይደለም… ሰኞ የተቀዳ ነው።”

“ሰኞ?” አሉ ቀና ብለው። “ሰኞማ ነበረ። እዚህችው ተቀምጦ ይሰማሽ ነበር። ተይው፣ ይናገር።”

ዘፈኑ ተጀመረ። እጇን ሳይለቁ እስከ መጨረሻው ሰሙት። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ ለቀረጻ ልወስዳት ደጃፏ ቆሜ ጥሩምባ ነፋሁ። በሩን ከፍታ ወጣችና ቀና ብላ ሰማዩን ለረጅም ጊዜ አየችው።

“ሊዘንብ ነው። መስኮትህን ዝጋ” አለችኝና ተመልሳ ገብታ በሩን ዘጋችው።