ሸራ የለበሰችው መኪና

ፒኜቶ በሚባለው የጣሊያን ሰፈሬ፣ ከቤቴ ሥር ያለው መካኒክ ከአንዲት አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ቤንዚን ሲያወጣ ሽታው አቆመኝ። «አኳ!» አለኝ። «ውሃ ገብቶባት ነው እንጂ ሌላ ምንም አልሆነችም።»

ክው አልኩ።

አባዬ እንዲህ ያለች መኪና ነበረችው። በሰባት ዓመቴ፣ ደብረ ዘይት ልንሄድባት ስንል፣ መንገዱ እንዲቀናን ብዬ አንድ ጠርሙስ ጸበል ቤንዚን መሙያዋ ውስጥ ገለበጥኩ። ከበር ሳንወጣ ቀጥ አለች። ጎረቤታችን እትዬ አስናቀች ያን ጠዋት «አቤት ስታምር!» ብለው ነበር። አባዬ ኮፈኗን እየዳበሰ «የአስናቀች ዓይን ነው የበላት፤ ዓይን የበላውን መካኒክ አያድነውም» አለ። ሸራ አለበሳት። እትዬ አስናቀችን እስኪሞት ድረስ ሰላም አላላቸውም።

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ «የአባዬ መኪና ትጠገን ወይስ ለቁራሌው ትሰጥ?» ሲለኝ «ላስብበት» ብዬው ነበር። ብትጠገን ያኔ የገለበጥኩት ውሃ ይገኛል።

እትዬ አስናቀች ዛሬም ከቤታችን አጥር ማዶ አሉ።