የምትዘለዋ ዘፈን

ጋሽ ሷሊህ መተማ ዮሐንስ ውስጥ ሻይ ቤት በነበራቸው ዘመን፣ ከገዳሪፍ በሎሪ ያስመጡት የሸክላ ማጫወቻ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይዘፍን ነበር። የሱዳኑም የአማርኛውም ሸክላ ነበራቸው። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ግን አንድ የአማርኛ ዘፈን ነበር፤ እሱም ጎደሎ ነው።

ያጎደለችው ሚስታቸው ዘሀቢያ ናት። በሠርጋቸው ማግስት ሙሽራዪቱ ከእህቶቿ ጋር ስትጨፍር ዳሌዋ ባንኮኒውን ገጨውና መርፌው ሲጢጥ ብሎ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተውን አዲስ ሸክላ ጫረው። ያን ጊዜ ሸክላ እንደ ዓይን ብሌን ነው የሚጠበቀው፤ ዘሀቢያ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ሷሊህ ግን ሳቁ።

"አይዞሽ፣ አብሮሽ ሊጨፍር ፈልጎ ነው" አሏት።

ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ እዚያ ቦታ ሲደርስ አንድ ስንኝ ዘሎ ያልፋል። ደንበኛውም ለመደው፤ እንዲያውም ዝላይዋ ስትመጣ ሁሉም ትከሻውን አንዴ ነቅነቅ ያደርጋል። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ሳሉጎች ከነዝላይዋ ተምረዋት፣ እስከ ኮኪት እርሻ ድረስ እያዜሙ ይዘዋት ይሄዱ ነበር።

ካሴት መጣ፣ ሲዲ መጣ። የማጫወቻው መርፌ ዶልዱሞ ዕቃው ቁም ሳጥን ላይ ተሰቀለ። ሻይ ቤቱም የልጃቸው የረፊቃ ሞባይል ቤት ሆነ። ረፊቃ ጥፍር በምታህል ሚሞሪ ላይ ለሳሉጎቹ የዘፈን መዓት ትጭናለች። ጋሽ ሷሊህ በሩ ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ አንዱ ጎረምሳ ዘፈን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው ሲያልፍ፣ "ዱሮ የሚዘለው ሸክላው ነበር፤ ዛሬ ሰዉ ሆነ" ይላሉ።

ዘሀቢያ ባረፈች በዓመቱ ማሩ የሚባል የጎጃም ሰው ሱቁ ገባ። ከጉብዝናው ጀምሮ ለአጨዳ ሲወርድ ጸጉሩ የሸበተ ሳሉግ ነው።

"እታለም፣ ያችን የምትዘለዋን ዘፈን ጫኚልኝ" አላት ረፊቃን።

ገባት። ከኢንተርኔት ፈልጋ በስፒከር ለቀቀችው። ድምፁ ኩልል ያለ ነው፤ ኮሽታ የለው፣ እንከን የለው። ማሩ ትከሻውን አዘጋጅቶ ጠበቀ። ዝላይዋ ቀረች። በቦታዋ ዘፋኙ፣ "ቀድመሽኝ አትሂጂ፣ መንገዱን አላውቀው" አለ።

"ኧረ ይቺ አይደለችም!" አለ ማሩ ተከፍቶ።

ጋሽ ሷሊህ ግን ከወንበራቸው ተነስተዋል። "እስቲ መልሽው" አሉ። መለሰችው። ዕድሜ ልካቸውን በቃላቸው የሚያውቁት ዘፈን ይህን ቃል ደብቆ መኖሩን አያውቁም ነበር። የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ።

"አባባ፣ ላጥፋው?"

"ተይው። እናትሽ ይችን ሳትሰማ ነው የሄደችው።"

ሳምንቱ ሳይወጣ ጋሽ ሷሊህ መርፌ እንዲፈልግላቸው አደራ ያሉት የጎንደር መስመር ሹፌር ዋሴ ከአንድ የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ አግኝቶ ይዞላቸው መጣ። ማጫወቻው ከነአቧራው ወረደ። ማሩ ቅዳሜ ለገበያ ከኮኪት ሲመጣ፣ ረፊቃ ሸክላውን በስልኳ ልትቀዳለት ሱቁን ሁሉ ዝም አሰኘች። መርፌው ሲያርፍ ሸክላው ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ተንጫጫ፤ ድምፁም ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀስ ብሎ ቀረበ። ዝላይዋ ስትመጣ ግን ዝም የሚል ጠፋ። የማሩ "እሰይ!"ም፣ የሰዉም ሳቅ፣ ደጅ ያለው የባጃጅ ጡሩምባም አብሮ ተቀዳ።

"ተበላሸ፤ ደግሜ ልቅዳው" አለች ረፊቃ።

"ምኑ ተበላሸ? እንዲያውም አሁን ዘፈን ሆነ!" ብሎ ማሩ ሚሞሪውን ወሰደ።

እሱ ሲወጣ ጋሽ ሷሊህ የራሳቸውን ስልክ አቀበሏት።

"ለኔ ሁለቱንም ጫኚልኝ።"

"አንድ ዘፈን እኮ ነው፣ አባባ።"

"አይደለም፣ ልጄ" አሉ፤ "አንዷ ከእናትሽ ጋር የሰማኋት ናት። አንዷን ገና ብቻዬን ልለምዳት ነው።"