የአሌክሳንድራው የበረዶ ሊቅ

ስለ አንዲት ስዊድናዊት የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሐበሻ ጆሃንስበርግ ውስጥ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። በስንት ዓመቷ ስኪ እግሯ ላይ እንዳሰረች፣ የትኛው ውድድር ላይ ዱላዋ እንደተሰበረ፣ በየትኛው ዓመት ታማ እንደተኛች፣ አንድ ሳይቀር ሸምድጄዋለሁ። የሸመደድኩት ደግሞ አሌክሳንድራ በሚባለው የከተማው የድሆች ሰፈር፣ ሱቄ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና የሞባይል ኤርታይም እየሸጥኩ ነው። በረዶ የማውቀው ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱንም መብራት ካልጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቴ ስዊድን ገብታ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ከተለያየን ሦስት ዓመት አልፎናል። ጓደኞቼ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ይቀልዱብኛል። በመጨረሻ እኔን ለመውሰድ አመለከተችና ፕሪቶሪያ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ተቀጠርኩ። እዚህ ያለ ሐበሻ ደግሞ ቃለ መጠይቅ ዝም ብሎ አይገባም፤ ያጠናል። መሀል ከተማ፣ ሂልብሮው የሚኖር አንድ ትልቅ ሰው አለ፤ የካናዳውንም የአውስትራሊያውንም ኬዝ የሚያስጠና እሱ ነው። ራሱ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሂልብሮው ንቅንቅ አላለም። ግን ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል?

«ስማ ወንድሜ» አለኝ። «ስዊድኖች ነፍሳቸው ስኪ ነው። አገራችንን ይወዳል ወይ ብለው ነው የሚፈትኑህ። አንዷን ተወዳዳሪ ምረጥና ከተወለደችበት ቀን ጀምረህ አጥናት።»

«ጋሼ፣ ስለ ሚስቴ ቢጠይቁኝስ?»

«ሚስትህን አይደል እንዴ ያገባሃት? እሷ ጥናት አትፈልግም» አለኝ። እኔም ሞኙ አመንኩት።

የመረጥኳት አጭር ርቀት የምትወዳደረዋን ነው፤ ስፕሪንት ይሉታል። መጀመሪያ ብቻዋን በሰዓት ትሮጣለች። ከዚያ ስድስት ስድስት እየሆኑ ይጋፋሉ፣ ያለፉት እንደገና ይጋፋሉ፣ እስከ ፍጻሜው ድረስ። አንዱ ዙር ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሦስት ደቂቃ! የእኛ ልጆች አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጠው ባንዲራ ለብሰው ይጨፍራሉ፤ እሷ መስመሩን ባለፈች ቁጥር ዝርግት ብላ ሰው ያነሣታል። ከኋላዋ ደግሞ ካውያ ይዘው ስኪዋን ሰም የሚቀቡ ወንዶች አሉ። ስታሸንፍ እሷ ጎበዝ ናት፣ ስትሸነፍ ሰሙ ነው ጥፋተኛው። ወይ ሥራ!

ግን ተሳድቤ ሳልጨርስ ወደድኳት። በልጅነቷ ሁሉን ስታሸንፍ ቆይታ፣ ትልልቆቹ ጋ ስትደርስ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትሆናለች። አንዴ ትወድቃለች፣ አንዴ መንገድ ዘጋሽ ብለው ይቀጧታል። አንድ ዓመት ሙሉ ታመመችና አበቃላት ተባለ። ስትመለስና ሜዳሊያ ስታገኝ እኔ በጥር ሙቀት፣ በላብ ተጠምቄ፣ ሱቄ ውስጥ አለቀስኩ። ደንበኞቼ «ማይ ፍሬንድ! ማይ ፍሬንድ!» እያሉ ፍርግርጉን ይደበድባሉ። ሻማ ለጠየቀ ሳሙና ሰጥቻለሁ።

ሚስቴ በእረፍት ሰዓቷ ትደውላለች። «ዛሬ ሥራ ቦታ ምን እንደገጠመኝ ታውቃለህ?» ስትለኝ፣ «ቆይ ቆይ፣ ማጣሪያውን አየሽው?» እላታለሁ።

«የምን ማጣሪያ?»

«እዚያው አገሩ ላይ ተቀምጠሽ አታፍሪም?»

አንድ ቀን በረዶ አዳልጧት መንገድ ላይ እንደወደቀች ነገረችኝ። ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ክብደቷን ወደፊት ብትጥል ኖሮ እንደማትወድቅ አስረዳኋት። «እሺ አሠልጣኝ» አለችኝና እኔ ሳቅሁ። እሷ የሳቀች አይመስለኝም፤ ያኔ ግን ውድድሩ ሊጀመር ስለነበር አላስተዋልኩም።

ኤምባሲ የጠየቀችኝ ሴት ትሑት ናት። ስለ ስዊድን የማውቀው ነገር ካለ ስትለኝ፣ ተመስገን አልኩና ለቀቅሁት። ዱላውን፣ ሰሙን፣ ሕመሙን፣ ሜዳሊያውን። ፈገግ ብላ ሰማችኝ። «እኔ ስኪ አላይም» አለችኝ። ከዚያ ወረቀቷን ገለጠች።

«ሚስትህ ስንት ሰዓት ነው ሥራ የምትገባው?»

«ጠዋት።»

«ላለፉት አራት ወራት የሌሊት ፈረቃ ናት» አለችኝ። «አብራት የምትኖረው ማን ናት?»

«ጓደኛዋ» አልኩ። የጓደኛዋን ስም አላወቅሁም።

«ለመጨረሻ ጊዜ ስትደዋወሉ ስለ ምን አወራችሁ?»

አማኝ ነኝ፣ መዋሸት አልችልም። «ስለ ግማሽ ፍጻሜው» አልኳት።

«ከዚያ በፊትስ?»

«ስለ ማጣሪያው።»

ብዙ ጻፈች።

ከሳምንታት በኋላ መልሱ መጣ። ትዳሩ እውነተኛ ነው ብለን አላመንንም ይላል። ሂልብሮው ሄጄ ለአስጠኚው ባሳየው፣ መነጽሩን አውልቆ «ያጠናሃት ልጅ ጊዜዋ አልፎባታል፣ ወጣቷን መምረጥ ነበረብህ» አለኝ። አንገቱን ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ለሚስቴ ደወልኩላት። «ባልና ሚስት አትመስሉም አሉን! ሰማሽ? እነዚህ ምን ልብ አላቸው?» እያልኩ ጮህኩ፣ ረገምኳቸው፣ አገራቸውን ከነበረዶው ረገምኩ። አብራኝ የምታለቅስ፣ አብራኝ የምትራገም መስሎኝ ነበር።

«እኔንም ጠይቀውኝ ነበር» አለች። «ባልሽ ስለ አንቺ ምን ያውቃል ሲሉኝ ሁሉንም ነገር ብዬ ዋሸኋቸው። አንተ ግን እውነቱን ነገርካቸው።»