የደፈንኩት ቧንቧ

ባለፈው ሳምንት በስደት በምኖርበት የፈረንጅ ከተማ፣ ትሮስተሩድ የሚባል ሰፈር ከባቡር ወርጄ ቀስ እያልኩ ስሄድ፣ ከአንድ ቤት ግድግዳ ዝቅ ብሎ ከወጣ ነጭ ቧንቧ እንፋሎት ሲትጎለጎል አየሁና ቆምኩ። መንገደኛው “ይህ ሽማግሌ ምን ያያል?” ብሎ ይሆናል። እኔ የማየው የወጣትነቴን ቤት ነበር።

ያኔ ከዘሀራ ጋር ተጋብተን እዚሁ ከተማ ኦከርን የሚባል ሰፈር አጠገብ አሮጌ የእንጨት ቤት ተከራይተን ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ቆሟል። አከራያችን አዲስ የጋዝ ማሞቂያ አስገብቷል። ሙቀቱን አሟጦ ቤት ውስጥ ስለሚያስቀር ጭሱ እንኳ አያቃጥልም፤ እንደ እንጨት ምድጃ በጣራ ሳይሆን በግድግዳ በኩል፣ በፕላስቲክ ቧንቧ ይወጣል። ቧንቧዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ያስወጣል፣ አንዱ ከውጭ አየር ይስባል። ያኔ ግን ይህን አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያ ልጃችን በጥር ተወለደች። ወሎ አድጎ አራስን ነፋስ ይመታታል ብሎ የማይሰጋ ማን አለ? መስኮቱን በፎጣ፣ የበሩን ስር በብርድ ልብስ ደፈንኩ። ጠዋት በረዶ ስጠርግ እጄ አንዱ ቧንቧ አፍ ላይ ቢያርፍ፣ ነፋሱን ወደ ውስጥ ይስባል። “ለካ ብርዱ የሚገባው በዚህ ነው!” አልኩና አሮጌ የሱፍ ካልሲዬን ጠቅጥቄበት ገባሁ። ዘመድ የለን፣ ገንፎውንም የማገነፋው እኔው ነበርኩ።

ገንፎው ሳይበላ ማሞቂያው ጠፋ።

ሰዒድን ጠራሁት፤ የደሴ ልጅ፣ ማሞቂያ ከሚጠግኑ ሰዎች ጋር የሚሠራ ጓደኛዬ ነበር። የደረሰው ከሰዓት ነው። ማሽኑ እፍ እፍ ይላል፣ ቀጭ ይላል፣ ቀይ መብራት ያርገበግብና ዝም።

“የሰው እጅ ነክቶታል እንዴ?” አለኝ።

ካልሲው ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ዘሀራ ደግሞ ከጓዳ ትሰማለች፤ በጎረቤቱ ሁሉ “ባሌ እጁ ሙያ ነው” የምትል ሴት። አፈርኩ።

“ኔይ፣ የለም፣ ማን ይነካዋል?”

“የውጭዎቹ ቧንቧዎችስ? በረዶ ዘግቷቸው ይሆናል።”

“ዛሬ ጠዋት ጠርጌዋለሁ።”

አመነኝ። የውሃ ማውረጃውን ቱቦ ነቅሎ አየ፣ ማጣሪያውን አራገፈ፣ ሽቦውን ፈተሸ። አንድ ሰዓት ሄደ። “እንግዲህ ማራገቢያው ሞቷል፤ ዕቃው እስኪመጣ ሦስት ቀን ነው” አለ።

ጓዳ ገባሁ። ዘሀራ ልጅቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጋቢ ደርባለች። የልጅቷን እጅ ብነካው እንደ ብረት ቀዝቅዟል።

ተመልሼ ወጣሁ። “አየር የሚስበው ቧንቧ ውስጥ ካልሲ አለ” አልኩት።

“የማን ካልሲ?”

“የኔ።”

“ወላሂ፣ አንተ ሰውዬ! አፍንጫውን ደፍነህ ተንፍስ ትለዋለህ?” እየሳቀ ወጣ። ካልሲውን መዝዞ ሲመለስ ግን ፊቱ ሌላ ነበር። “ስማ፣ አየር ሲያጥረው ራሱን የሚያጠፋ ማሽን ባይሆን፣ ሦስታችሁንም የጭሱ መርዝ ይጨርሳችሁ ነበር።”

ቤቱ መሞቅ ሲጀምር ለዘሀራ ራሴ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። “ካልሲውስ ለኔ ብለህ ነው” አለች። “ልጄ እየበረዳት ዝም ያልክበትን ሰዓት ግን አልረሳልህም።”

ሰዒድ አሁን የለም፣ አላህ ይዘንለት። ልጄ የልጆች እናት ሆና ሆስፒታል ትሠራለች። በብርዱ ወራት ልትጠይቀን ስትመጣ ገና ከደጅ እጇን በሁለት እጄ እይዛለሁ። “አባዬ፣ በቃ ሞቀኝ” ትለኛለች። እኔ ግን ቶሎ አልለቃትም።