አባቴ የሣላት ተሽቀዳዳሚ ማኪና

የዘይት ቀለም ሽታ በአፍንጫዬ ባለፈ ቁጥር ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ ዳር የነበረው ቤታችን ይመጣብኛል። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ በጋውን በየደብሩ ሲሥል ይባጅና ክረምት ሲገባ ቤት ውሎ ሸራ ይወጥር ነበር።

በአንዱ ክረምት አያ ደምሴ የሚባሉ ባለ ቡና ቤት መጥተው፣ በኅዳር የማኪና ውድድር በጎንደር ስለሚያልፍ ለግድግዳቸው የምትሽቀዳደም ማኪና እንዲሥልላቸው ለመኑት። አባቴ ፈረስ እንጂ ማኪና ሥሎ አያውቅም ነበር፤ ቢሆንም አንዲት የቆመች ማኪና ዙሪያዋን ዞሮ አይቶ፣ ብሎኗን ሳይቀር ለቅሞ ሣላት። ሥዕሉ የተሰቀለ ዕለት ሹፌሮች ከበው አዩትና አንደኛው፦

«ሸጋ ናት፤ ግን ምነው ቆመች? ቤንዚን አለቀባት?» አለ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባቴ ሥዕሉን አውርዶ ወጣ፤ ከኋላው ስከተል ጆሮው ቀልቶ አየሁ። እናቴ «ይተዉት፤ የመጠጥ ቤት ሥዕል ለእርስዎ ምንዎ ነው?» ብትለው ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው።

ኅዳር ላይ ውድድሩ የደረሰ ዕለት እጄን ይዞ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር አቆመኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ከሩቅ ጩኸት መጣ፣ አጠገባችን የቆመችው ሴት ነጠላዋን ጨምድዳ ያዘች፣ ወዲያው አቧራ ዋጠን።

«ምን አየሽ?» አለኝ፣ አቧራው ሲያርፍ።

የተቆጣኝ መስሎኝ እያለቀስሁ «ምንም አላየሁም፤ የሴትዮዋ ነጠላ ሲሄድባት ብቻ» አልሁት። ጎንበስ ብሎ «እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ» አለ።

ቤት ገብቶ ያን ሁሉ ብሎን በቀለም ሸፈነው፤ ጎማዎቹን እንደገና ቀብቶ ቀለማቸው ሳይደርቅ በጨርቅ ወደ ኋላ ጎትቶ አደበዘዛቸው፤ የማኪናዋን ግማሽ አቧራ አልብሶ፣ ከመንገዱ ዳር ነጠላዋ ከትከሻዋ የሚያመልጥባት ሴት ጨመረ። ለእሷ ሲል እኔን ነጠላ አስይዞ በግቢው ሲያስሮጠኝ ሰነበተ፤ እናቴም በር ላይ ቆማ «ልጅቱን ገደሏት!» እያለች ትስቅ ነበር።

የገና በዓል ሲቃረብ ሥዕሉን መልሰን ወሰድነው። ያው ሹፌር ብዙ ካየ በኋላ «ኧረ ፍሬን ያዙላት!» ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። አባቴ ትከሻዬን ይዞ «እሷ ናት ያየችው» አለ።

ቡና ቤቱ ዛሬ ፈርሷል፤ ሥዕሉ የት እንደገባ የሚያውቅ አላገኘሁም። የልጅ ልጆቼ የማኪና እሽቅድምድም በቴሌቪዥን ሲያዩ አብሬያቸው እቀመጥና አንዳንዴ ምን እንዳዩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ግን ተናግረው ሳይጨርሱ እኔው እቀድማቸዋለሁ። አባቴ ያን ቀን ለቅሶዬ በርዶልኝ ነግሬው እስክጨርስ ድረስ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እዚያው መንገድ ዳር ቆሞ ጠብቆኝ ነበር።