የጎደለው በረኛ

ማስቲካ ውስጥ ተጠቅልሎ የኖረ ካርድ ሽታው ቶሎ አይለቀውም። በቅርቡ ጎንደር ውስጥ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው አንድ የድሮ ኳስ ተጫዋች ካርድ ገዛሁ። ጥጉ ተበልቷል፤ የተጫዋቹም ፊት እኩሌታው ደብዝዟል። ወደ አፍንጫዬ ጠጋ ሳደርገው ያ የሙዝ ይሁን የስኳር የማይለይ ሽታ መጣ። ሻጩ «እትየ፣ የሚበላ እኮ አይደለም» ብሎ ሳቀብኝ። በዚህ ዕድሜዬ የኳስ ተጫዋች ካርድ እንደምሰበስብ የሚያውቅ ሁሉ ይስቅብኛል። እናንተም ሳቁ፤ ግን እስክጨርስ ስሙኝ።

ያደግሁት መተማ ቆላ፣ ሸሕዲ ከተማ ነው። አባቴ ከጎጃም ደጋ ወርዶ የትራክተር ሹፌር ሆኖ ሲቀጠር እኔና እናቴም ተከትለነው ወረድን። እሱ የዓመቱን እኩሌታ የሚያሳልፈው ሰሊጥ እርሻ ላይ ነበር። እናቴ ደግሞ በአዝመራው ወራት መጋዘን ውስጥ የሞላ ጆንያ አፍ እየሰፋች ትውላለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት የሚጠብቀኝ ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀት ብቻ ነበር። ክፍል ውስጥ አፌን በከፈትሁ ቁጥር ልጆቹ የጎጃም አነጋገሬን እየደገሙ ስለሚንከተከቱ፣ መናገሩን ቀስ በቀስ ተውሁት። ጥቅምት ሲገባ ከተማው በሳሉግ ይጥለቀለቃል፤ እኛ ዘንድ የቀን ሠራተኛውን ሳሉግ ነው የምንለው። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ማጭዱን በጨርቅ የጠቀለለ ሰው ይራገፋል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል እኔን የሚያናግር አልነበረም።

መጀመሪያ ያናገረችኝ የሰፈራችን ባለሱቅ ልጅ ናት። አባቷ ነጭ ጀለቢያ የሚለብሱ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ከሱዳን የሚሻገረውን ማስቲካ ከመተማ ዮሐንስ በካርቶን ያመጡ ነበር። በእያንዳንዱ ማስቲካ ውስጥ ቀይ ማሊያ የለበሰ አንድ ተጫዋች አለ። አንድ ቀን ገዝቼ እዚያው በረንዳው ላይ ስፈታው ልጅቱ በትከሻዬ ላይ አጮለቀች።

«ስንት ቁጥር ደረሰሽ?»

«ሰባት» አልኋት።

«እኔ ዘጠኝ ቁጥር ሁለት አለኝ። እንቀያየር?»

በአነጋገሬ አልሳቀችም። ዓይኗ ካርዱ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከቁርዓን ቤት ስትወጣ በየቀኑ ወደ እኛ ቤት መምጣት ጀመረች። ሰሌን አንጥፈን ካርዶቻችንን እኛ ቤት ከምናስቀምጥበት የቆርቆሮ ጣሳ እያወጣን እንደ ሜዳው አሰላለፍ እንደረድራለን። ወንዶቹ ካርድ መሬት ላይ አስቀምጠው በመዳፍ እየመቱ የተገለበጠውን ይበላሉ፤ የእነሱ ካርድ ወር ሳይሞላው ይቦጫጨቃል። እኛ ግን አንድም ቀን አልመታንም። ኳስ ጨዋታ አይተን ስለማናውቅ ለተጫዋቾቹ ኑሮ እንፈጥርላቸው ነበር። አራት ቁጥር ጥርሱን ያመዋል፤ ፊቱን ያጨማደደው ለዚያ ነው። አሥራ አንድ ቁጥር ሚስት እያፈላለገ ነው። እናቴ ከመጋዘን ጸጉሯ በሰሊጥ ብናኝ ነጥቶ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ፣ «እናንተ ልጆች፣ ኳሱን ሳታዩ ተጫዋቹን ልታገቡት ነው?» ትለናለች። በዚያ ቤት ሁለት ልጆች ሲስቁ የተሰማው ያኔ ነው።

የእሷና የእኔ አንድ ላይ ሲቆጠር አሥር ሆነ። የጎደለው በረኛው ብቻ ነበር። ቦታው ላይ ጠጠር እናስቀምጥለታለን። ከሰፈሩ ልጅ በረኛውን ያየ አልተገኘም። ግማሹ «ፋብሪካው አላተመውም» ይላል፤ ግማሹ «የሽንፋ ልጆች አላቸው አሉ» እያለ ያወራል። እኛም ውል ገባን። በረኛው የተገኘ ዕለት ዕጣ እንጥልና ለወጣላት አሥራ አንዱም ይሆናል፤ ለሁለት የተከፈለ ቡድን ምን ይረባል? ሐሳቡ የእሷ ነበር። እኔም እሺ አልሁ፤ ሌሊቱን ግን ስገላበጥ አደርሁ። ዕጣው ለእሷም ወጣ ለእኔ፣ ከዚያ በኋላ ምን ልትሠራ እኛ ቤት ትመጣለች?

ጥር ላይ አባቴ ከእርሻ ሲመለስ ለማስቲካ የሚሆን ሳንቲም ሰጠኝ። ገዝቼ፣ ብቻዬን ወደ ቤት እየሄድሁ ፈታሁት። አረንጓዴ የለበሰ፣ እጁን የዘረጋ፣ ጓንት ያጠለቀ ሰው ብቅ አለ። ሌላ ልጅ ቢሆን ይጮህ ነበር። እኔ ግራ ቀኝ አይቼ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥሁት።

የት እንደምደብቀው ስጨነቅ ዋልሁ። መደቡ ሥር እንዳላደርገው ምስጥ አለ፤ ደብተሬ ውስጥ እንዳላደርገው ጓደኛዬ ትገልጠዋለች። ቤታችን ጥግ ላይ ግን የእርሻው ባለቤት ከደመወዙ ጋር ለአባቴ የሰጡት ሁለት ጆንያ ሰሊጥ ቆሞ ነበር፤ ዋጋው እስኪጨምር የሚቆይ። ከእናቴ ጋር ስኖር የጆንያ አፍ አሰፋፍ ለምጃለሁ። የእሷን ትልቁን መርፌ አንስቼ የአንደኛውን ስፌት ከጥጉ ፈታሁና፣ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልዬ እጄ እስከ ክርኔ ድረስ እስኪሰምጥ ሰሊጡ ውስጥ ቀበርሁት። መልሼም ሰፋሁት። ስፌቴ ከእናቴ ስፌት አይለይም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ በየቀኑ ያንኑ ጆንያ ተደግፋ «ይኸ በረኛ የት ይሆን የገባ?» ስትል፣ እኔ «ማን ያውቃል?» እላታለሁ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይባል የለ! ከቁርሷ ሳንቲም እየቆጠበች ማስቲካ ትገዛ ነበር፤ የሱቅ ልጅ ብትሆንም አባቷ በነፃ አይሰጧትም። መንጋጋዋ እስኪደክም እያላመጠች «ደግሞ ሦስት ቁጥር ሆነ» ብላ ስትቆዝም ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። ነገ ሲሆን ደግሞ በሩ ላይ ነጠላ ጫማዋ ሲንሿሿ እሰማለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ ዝም እላለሁ።

ግንቦት ላይ፣ የመጀመሪያው ደመና መቋጠር ሲጀምር፣ አባቷ ሱቁን ዘግተው ራቅ ያለችው ገለጉ ከተማ ሄደው ሊከፍቱ ወሰኑ። ዝናቡ መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት መድረስ ነበረባቸው። እኔ የሰማሁት የሚሄዱበት ጧት ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ስሮጥ ዕቃው አይሱዙው ላይ ተጭኖ አልቋል፤ እሷ ከላይ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች።

«ካርዶቹ አንች ዘንድ ይቀመጡ» አለችኝ ጎንበስ ብላ። «በረኛውን ስታገኝው ቡድኑ ይሞላልሻል። ዕጣው ላንች ወጥቷል በይው።»

«ጠብቂኝ፣ እንዳትሄጅ!» ብያት ወደ ቤት በረርሁ። በሩን ከፍቼ ስገባ ጥጉ ባዶ ነበር። ጆንያዎቹ ቆመውበት የነበረው ወለል ላይ የፈሰሰ ሰሊጥ ብቻ ቀርቷል። እናቴ ልብስ እያጠበች፣ «አባትሽ አሁን በጧቱ ሸጣቸው፤ መኪናው ጎንደር ሊሄድ ነው» አለችኝ። አልቅሼ የማላውቀውን ያህል አለቀስሁ። እናቴ ለሁለት ጆንያ ሰሊጥ እንዲህ የሚያለቅስ ልጅ አይታ ስለማታውቅ ግራ ገብቷት ቆመች።

ባዶ እጄን ተመለስሁ። አባቷ የአይሱዙውን የኋላ በር እየዘጉ ነበር።

«አባባ፣ ትንሽ ይቆዩልኝ» አልኋቸው።

«በይ ቶሎ በይ ልጀ፣ ሰማዩን አታይም?»

ሽቅብ እያየሁ ነገርኋት። «በረኛውን ጥር ላይ አግኝቸው ነበር። ጆንያው ውስጥ ደበቅሁት። አሁን ተሽጧል።»

ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። «ያ እኔ የምደገፈው ጆንያ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ቡድኑ ከሞላ አትመጭማ።»

ልትሰድበኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን «አንች ሞኝ!» አለችኝ። «ለሱ መስሎሽ ነው እንዴ የምመጣ?»

አይሱዙው ተነሣ። አቧራው እስኪደፍናት ድረስ እጇን እያወዛወዘች ነበር፤ እኔ ግን እጄን ማንሳት አቃተኝ።

በዚያ ክረምት ወደ ገለጉ መኪና አልወጣም። መስከረም ላይ በሾፌር ረዳት እጅ ደብዳቤ ላክሁ፤ ይድረሳት አይድረሳት አላወቅሁም። የሚቀጥለው ዓመት እኛም ወደ ጎንደር ሄድን። እስከ ዛሬ ሰው በሬን ሲያንኳኳ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሐሳብ ምን ፈልጎ ይሆን የሚል ነው። እኔን ብሎ የሚመጣ ሰው እንዳለ ማመን ለእኔ ከባድ ነው። ቢሆንም አንዲት ልጅ እንደዚያ ትመጣ ነበር።

በሄደች ማግስት ከትምህርት ቤት ተመልሼ በተለመደው ሰዓት ሰሌኑን አነጠፍሁ። ካርዶቹን ከጣሳቸው አላወጣኋቸውም። ለእሷ የሚበቃ ቦታ ትቼ፣ ከዳር ተቀመጥሁ።