ቤንዚን አልበቃት ያላት መኪና

ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ሠርታለች። ሰፈሩ «ሲስተር» ይላታል፤ ጡረታ ስትወጣም ስሙ አብሯት ወጣ። ዕድሜዋን ሙሉ የሌላውን ሰው አልጋ ስታነጥፍ ኖራ፣ ደስ ብሏት የምትተኛበትን አልጋ ያገኘችው አሮጌ መኪና ውስጥ ነው። ባሏ፣ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው፣ ያቺን ባለ አልጋና ባለ ምድጃ መኪና ሲገዛ «እስካሁን ለጭነት ነዳሁ፤ አሁን ደግሞ ለአንቺ» ብሏት ነበር። ሁለት ዓመት ሐይቅ ለሐይቅ ዞሩባት። ሲነጋ የሐይቁ ነፋስ በመስኮቱ ይገባል፣ ወፉ ይንጫጫል፣ «ሲስተር፣ ድረሽልኝ!» የሚል ግን የለም። ለሲስተር ከዚህ በላይ ዓለም አልነበራትም።

ዘንድሮ መኪናዋ ቤንዚን አልበቃት አለ። መቶ ኪሎ ሜትር በአሥራ ሁለት ሊትር ትሄድ የነበረችው አሥራ ዘጠኙን ጭልጥ ታደርገው ጀመር።

«አርጅታለች» አለ ባል። «ቅዳሜ አንድ አትክልት ነጋዴ ሊገዛት ይመጣል። አልጋውን ነቅሎ ጎመን ይጭንባታል።»

«እኔም አርጅቻለሁ፤ እኔንም ደርበህ ሽጠኛ!»

«አንቺንማ አይወስድሽም። አፍሽ ብቻውን አንድ ጭነት ነው።»

ሳቀች እንጂ አንጀቷ አልሳቀም። ማክሰኞ በጠዋት መኪናዋን ራሷ ነድታ ጋራዥ ገባች።

መካኒኩ ሲሠራ ስለሚያፏጭ «ፊሽካ» ነው የሚባለው። ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ አቧራ የጠጣውን የአየር ማጣሪያ ጣለ፣ ካርቡራተሩን ፈታትቶ አጠበ፣ ጎማዎቹን ነፋ። ከዚያ ቤንዚኑን እስከ አፉ ሞልተው፣ መቶ ኪሎ ሜትር ነድተው፣ እንደገና እስከ አፉ ሞሉት። አሥራ ስምንት ሊትር ገባ።

«ሲስተር፣ ሞተሯ ሙሽራ ሆኗል። ከዚህ በላይ እኔም አላውቅ።»

ዓርብ ባልየውን ጨምረው አንድ ጊዜ ሞከሯት። እሱ ነዳ። ጋራዡ ግቢ ሲመለሱ አቆመና የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ጎተተው። ሁለቱ ወንዶች ኮፈኑን ከፍተው አንገታቸውን ቀበሩ። ሲስተር ግን መኪናዋን ዞረቻት፤ ተረኛ ሆና ከአልጋ አልጋ ስትሄድ እንደኖረችው። በየጎማው አጠገብ ጎንበስ እያለች የእጇን ጀርባ ብረቱ ላይ ታሳርፋለች። አንዱ ለብ ብሏል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ከኋላ በግራ በኩል ስትደርስ እጇን መንጭቃ አነሣች።

«ይሄኛው ትኩሳት አለው።»

«ጎማ ሲሮጥ ይሞቃል እኮ፣ ሲስተር።»

«አራቱም አብረው ነው የሮጡት፣ የኔ ልጅ። ሦስቱ ደህና ናቸው።»

ፉጨቱ ቆመ። ፊሽካ ፍሬኑን ለቅቆ ያን ጎማ በክሪክ አነሣውና በእጁ ሊያሽከረክረው ሞከረ፤ ንቅንቅ አልል አለ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ከመጎተት ብዛት ተበላሽቶ፣ ተለቀቀ ሲባልም አይለቅም ነበር። መኪናዋ ስንት ወር ሙሉ አንድ እግሯን እየጎተተች ኖራለች።

«ጋሼ፣ ይሄን ፍሬን በሁለት እጅ ነው እንዴ የሚጎትቱት?»

«ሃያ ቶን ይዤ ቁልቁለት ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ!»

«ይቺ የያዘችው እኮ አንድ አልጋና አንድ ምድጃ ነው።»

ባልየው ጆሮው ቀላ። ሚስቱን ማየት አቃተው።

ገመዱና የፍሬኑ ሸራ ተቀየሩ። በማግስቱ ማለዳ ሲለኩ አሥራ ሁለት ሊትር ተኩል ሆነ። ነጋዴው ሲመጣ ባልየው በር ላይ ጠበቀው።

«ታማ ነበር፤ አሁን ዳነች። ይቅርታ፣ አትሸጥም።»

«የዳነችዋማ ይበልጥ ትሻለኛለች!»

«ላንተማ ትሻላለች። ባለቤቷ ግን ይቻትና» አለ፤ ሲስተር መሪውን ይዛ ሞተሩን አስነሥታ ነበር።

አጠገቧ ገብቶ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ የትራፊክ መብራት ሲይዛቸው ሁለት እጆቹ ሳያውቀው ወደ ፍሬኑ ሄዱ።

«ተወው፣ እኔ አለሁ» አለችና ፍሬኑን በአንድ እጇ ቀስ አድርጋ ጎተተችው፤ የተኛ በሽተኛ እንዳይነቃ በር እንደሚዘጋ ሰው።